ትምህርት ሰባት፦ ሁለቱ የአዳም ሥራዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ትምህርታችን እግዚአብሔር በስድስቱ ቀናት ስለ ፈጠራቸው ፍጥረታት ተምረናል። ዛሬ ደግሞ እግዚአብሔር በመጨረሻ ለፈጠረው ለሰው ስለ ሰጠው ሥራ እንማራለን።

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፦
1. እግዚአብሔር ለአዳም የሰጣቸውን ሁለት ሥራዎች ትናገራላችሁ።
2. ሰው ከምድር የሚያስፈልገውን ሲወስድ ለምን በልክ መውሰድ እንዳለበት ታስረዳላችሁ።
3. በቤታችሁና በሰፈራችሁ ልታደርጉ የምትችሉትን ትመርጣላችሁ።

መግቢያ፦ አንድ ልጅ የጠየቀኝ ጥያቄ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ እንደ እናንተ ላሉ ልጆች ስለ ፍጥረት ሳስተምር፣ «ዛፍ የሚቆርጥ ሰው የእግዚአብሔርን ፍጥረት የሚያጠፋ ነው» ብዬ ተናገርሁ። ልጆቹም ተቀብለው አብረው ደገሙት። አንድ ልጅ ግን አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

ትምህርቱ አልቆ ሌሎቹ ሲወጡ ያ ልጅ ወደ ኋላ ቀረ። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ «መምህር፣ እናቴ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ እየሸጠች ነው የምታሳድገኝ። ደብተሬንም የገዛችልኝ በእንጨቱ ዋጋ ነው። ታዲያ እናቴ ኃጢአተኛ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልጆች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወዲያው መልስ አላገኘሁም። «በሚቀጥለው እሑድ እነግርሃለሁ» ብዬ ሸኘሁት። ቤቴ ገብቼ ምሳ ስበላ ግን የበላሁት እንጀራ የተጋገረው በእንጨት እንደ ሆነ አሰብሁ። እኔም የዚያ እንጨት ተጠቃሚ ነበርሁ። ስለዚህ በዚያ ሳምንት መጽሐፍ ቅዱሴን ገልጬ፣ ታላላቆቼንም ጠይቄ መልሱን ፈለግሁ። ያገኘሁትንም ዛሬ ለእናንተ እነግራችኋለሁ።

ሀ. ማበጀትና መጠበቅ

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2ን ከቁጥር 15 እስከ 17 ፈልጋችሁ አንብቡ። እግዚአብሔር አዳምን በኤደን ገነት ሲያኖረው ሁለት ሥራ ሰጥቶታል። የመጀመሪያው ገነትን ማበጀት፣ ሁለተኛው ደግሞ መጠበቅ ነው። ማበጀት ማለት መኮትኮት፣ ማልማት፣ ፍሬ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። መጠበቅ ማለት ደግሞ እንዳይጠፋና እንዳይበላሽ መንከባከብ ነው።

ልብ በሉ! እግዚአብሔር ሁለቱን ሥራዎች በአንድነት ሰጠ እንጂ አንዱን ብቻ መርጦ አልሰጠም። ደግሞም ለአዳም በገነት ካሉት ዛፎች እንዲበላ ፈቀደለት። አምላካችን ሰው እንዲራብ አይፈልግምና። ነገር ግን ከዛፎቹ መካከል ከአንዱ እንዳይበላ ከለከለው። ምንም ነገር በማይጎድልበት በገነት እንኳ ሰው የሚቆምበት ወሰን ነበረ ማለት ነው።

ይህን በቀላሉ ለመረዳት አንዲት የምትታለብ ላም አስቡ። ላሟን የምታልበው እናት ወተቱን ለቤተሰቧ ትወስዳለች፤ ለጥጃውም ታስቀርለታለች። ርኅራኄዋ ብቻ አይደለም፤ ዕውቀቷም ነው። ለጥጃው ሳታስቀር ሁሉን ብታልበው ጥጃው ይከሳል፣ ይሞታልም። ጥጃዋ የሞተባት ላም ደግሞ ወተቷን ትከለክላለች። ዛሬ አንድ ኩባያ ጨምራ ያለበች እናት ነገ ባዶ ቅል ይዛ ትቆማለች።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 6 እና 7 ላይም ይህን የሚመስል ሕግ እናገኛለን። በመንገድ ላይ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ጫጩቶቹን ቢወስድ እናቲቱን እንዲለቅቃት ታዝዟል። ለምን ይመስላችኋል? እናቲቱ በሕይወት ከኖረች እንደገና ትፈለፍላለችና ነው። ሁለቱንም የወሰደ ሰው ግን በሚቀጥለው ዓመት በዚያ መንገድ ሲያልፍ ወፍም ጫጩትም አያገኝም።

ለ. የመናው ትምህርት

እስራኤላውያን በምድረ በዳ በተራቡ ጊዜ እግዚአብሔር መና ከሰማይ አወረደላቸው። ታሪኩ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 ተጽፏል። እያንዳንዱ ሰው ለቤተሰቡ የሚበቃውን፣ በነፍስ ወከፍ አንድ ጎሞር እንዲሰበስብ ታዘዘ። በልክ ሲሰፍሩትም ብዙ የሰበሰበው አልተረፈውም፣ ጥቂት የሰበሰበውም አልጎደለበትም።

አንዳንዶቹ ግን ትእዛዙን አልሰሙም። «ነገ ባይወርድስ?» ብለው ፈርተው ለማግስቱ አስቀሩ። በነጋም ጊዜ ያስቀሩት መና ተልቶና ሸትቶ ተገኘ። በሰንበት ዋዜማ ግን እግዚአብሔር ራሱ እጥፍ እንዲሰበስቡ ስላዘዘ፣ ያ ያስቀመጡት አልተበላሸም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። መሰብሰብ ኃጢአት አይደለም፤ የሰበሰቡት ሁሉ በልተው ጠግበዋልና። ለነገ አስቦ ማስቀመጥም በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ለሰንበት ተቀምጧልና። የተወቀሰው ከታዘዘው ልክ ማለፍ ነው።

ይህ ልክ ለመሬትም ተሰጥቷል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እስራኤላውያን ስድስት ዓመት እርሻቸውን እንዲያርሱ፣ በሰባተኛው ዓመት መሬቱን እንዲያሳርፉ ታዝዘዋል። የሀገራችን ገበሬም መሬቱ ሲደክምበት እያፈራረቀ ጦም ያሳድረው እንደ ነበር አባቶቻችሁን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል።

ሐ. የመንዝ ሰዎችና የጓሳ ሣር

አሁን ደግሞ በሀገራችን ሁለቱን የአዳም ሥራዎች አንድ ላይ የሠሩ ሰዎችን ታሪክ ልንገራችሁ።

በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ የሚባል ሰፊ ደጋ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ውርጭ የሚበዛበት ስፍራ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። በሌላ ሀገር የማይገኙ የኢትዮጵያ እንስሳት ናቸው። ስፍራው ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ረጅም ሣር ነው።

ለመንዝ ሰው ይህ ሣር ብዙ ነገር ነው። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ዝናብና ብርድ የሚከላከል ገሳ ይሠራበታል። ከብትም በክፉ ቀን ይሰማራበታል። እንግዲህ ሁሉም ሰው ሁልጊዜ እየሄደ ቢያጭደው ምን ይሆናል? ሣሩ ሳያድግ ያልቃል፤ ቤቱም ሳይከደን ይቀራል።

ስለዚህ የመንዝ አባቶች ከ300 ዓመት በፊት ጀምሮ ጓሳን የሚጠብቁበት ቄሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። ሕዝቡ አለቃ ይመርጣል፤ አለቃውም ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ስፍራውን ይዘጋል። ሣሩ እስኪያድግ ድረስ ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንድ ጊዜ ሦስት፣ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ማንም አያጭድም፣ ከብትም አያሰማራም። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ሕዝቡም በአንድነት ገብቶ ያጭዳል። ክረምቱ ሲገባ እስከ ሐምሌ አቦ፣ ማለትም እስከ ሐምሌ 5 ቀን ድረስ ሁሉም ከስፍራው ይወጣል። ሥርዓቱን የሚያፈርስ ሰው ይቀጣ ነበር፤ ያለ ጊዜው በታጨደ ሣር የተከደነ ጣሪያ እስከ መቃጠል ይደርስ እንደ ነበርም ይነገራል።

ልጆች፣ የመውጫው ቀን በማን በዓል እንደ ተወሰነ አስተዋላችሁን? በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ላይ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው የምታዩአቸው ጻድቅ አባት ናቸው። ሕዝቡ የሣሩን ሕግ በቤተ ክርስቲያን በዓል ስላሰረው፣ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ቀኑን አይረሳውም ነበር።

በ1967 ዓ.ም የመሬት ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ ይህ የቀድሞ ሥርዓት ፈረሰ። ጠባቂ ሲጠፋ ሣሩ ያለ ጊዜው ይታጨድ፣ መሬቱም ይታረስ ጀመር። በኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ ጉዳቱን አይቶ ተሰበሰበ፤ ኮሚቴ መረጠ፤ የአባቶቹንም ልማድ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ አደሰ። እንግዲህ የመንዝ ሰዎች «ሣር አንነካም» አላሉም፤ «ያሻንን እናጭዳለን»ም አላሉም። ያጭዳሉ፤ ነገር ግን የሚያድግበትን ጊዜ ይሰጡታል።

መ. የሐረማያ ሐይቅ

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ በምሥራቅ ሐረርጌ የሆነ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር ሐረማያ የሚባል ሐይቅ ነበረ። የሐረር ከተማ ሕዝብ ለብዙ ዘመን የሚጠጣው ውኃ ከዚህ ሐይቅ ይሳብ ነበር። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎችም በሐይቁ ውኃ ድንች፣ ሽንኩርትና ጫት ያለሙ ነበር። ምርቱም በየገበያው ይሸጣል፤ ልጆችም በዚያ ገንዘብ ይለብሳሉ፣ ይማራሉ።

መጀመሪያ ላይ ጉዳት ያለ አይመስልም ነበር። አንድ ገበሬ የውኃ መሳቢያ ሞተር ገዛ፤ ጎረቤቱም አይቶ ገዛ፤ ሌላውም ተከተለ። እያንዳንዱ «እኔ የምወስደው ጥቂት ነው» ይላል፤ እውነቱንም ነው። የከተማውም ሕዝብ በዝቶ የሚጠጣው ውኃ ጨመረ። በዙሪያው ያሉት ኮረብቶችም ስለ ተራቆቱ ጎርፍ አፈሩን እያጠበ ወደ ሐይቁ አስገባው። በዚህ ሁሉ ሐይቁ ከዓመት ወደ ዓመት እየጎደለ ሄደ። በ1990ዎቹ መጨረሻም ፈጽሞ ደረቀ። ጀልባ ይሄድበት በነበረው ስፍራ ከብት ተሰማራበት። ለሐረርም ውኃ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ከሩቅ በቧንቧ እንዲመጣ ሆነ።

ልጆች፣ ሐይቁን ያደረቀው ማን ነው? «ይህ ሰው ነው» ብለን የምንጠቁመው አንድ ክፉ ሰው የለም። ሁሉም ለልጆቹ እንጀራ የሚፈልግ ሰው ነበር። የጎደለው በመንዝ የነበረው ነገር ነው፤ ማለትም ሁሉም ተሰብስቦ «እስከዚህ ድረስ እንውሰድ፣ ከዚህ በኋላ እንቁም» የሚልበት አንድነት ነው። ሐይቁም ሲደርቅ የተጎዱት ያው ለእንጀራ ብለው ውኃውን የሳቡት ሰዎች ናቸው።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በኋላ በተራቆቱት ኮረብቶች ላይ እርከን ተሠራ፣ ችግኝም ተተከለ፤ የውኃ ስበቱም እንዲቀንስ ተደረገ። ዝናቡም ጥሩ በሆነባቸው ዓመታት፣ በ2010ዎቹ፣ ውኃው ወደ ሐይቁ ስፍራ ተመልሶ ታየ። የተመለሰው ውኃ ይኖር ዘንድ ግን ጥበቃው መቀጠል አለበት። ጠባቂ ሳይኖረው ቢቀር እንደ ቀድሞው ይሆናልና።

ሠ. ለልጁ የሰጠሁት መልስ

በሚቀጥለው እሑድ ያን ልጅ ጠርቼ፣ «ባለፈው ሳምንት የተናገርሁት ጎዶሎ ነበር፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አልሁት። ከዚያም እንዲህ ስል ነገርሁት፦

«እናትህ ኃጢአተኛ አይደለችም። ልጇን ለማሳደግ በጀርባዋ የምትሸከም እናት ናት። እግዚአብሔር ሰው ከምድር እንዲኖር ፈቅዷል። አንድ ታሪክ ልንገርህ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ። ከዚህም የተነሣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው በ1893 ዓ.ም ገደማ በዚያ ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። በዚያው ዘመን ግን ከውጭ ሀገር የመጣ ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ይተከል ነበር። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ተቆርጦም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ማገዶ ተገኘ፤ ከተማዋም በስፍራዋ ቀረች። በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እናትህ የምትሸከመው ጭራሮ የዚያ ባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርንጫፍ ነው።»

ልጁም ቀና ብሎ፣ «እንግዲያውስ ዛፍ መቁረጥ ምንም አይደለም ማለት ነው?» አለኝ።

«አይደለም፤ በጥንቃቄ ነው» አልሁት። «ቶሎ የሚያቆጠቁጠውን መቁረጥና ብዙ ዘመን የቆየውን ዝግባ መቁረጥ አንድ አይደሉም። የደረቀውን ጭራሮ መልቀምና ለጋውን ግንድ መጣል አንድ አይደሉም። ባሕር ዛፍም ቢሆን ውኃ ስለሚጠጣ ምንጭ አጠገብ ቢተክሉት ምንጩን ያደርቃል። ስለዚህ ምን እንደምንወስድ፣ ምን ያህል እንደምንወስድ፣ የወሰድነውንም እንዴት እንደምንተካ ልናስብ ይገባናል። ይህን ማሰብ ያለባት ግን እናትህ ብቻ አይደለችም። እንጨቱን ገዝተን የምናነድደው ሁላችንም ነን። ይልቁንም ከእርሷ የተሻለ ኑሮ ያለን ሰዎች የበለጠ ልናስብ ይገባናል።»

ልጁ ይህን ሰምቶ፣ «ለእናቴ እነግራታለሁ» ብሎ ሮጠ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ፍጥረት ሳስተምር፣ የሚያዳምጠኝ ልጅ ወላጆች በምን እንደሚተዳደሩ ሳላስብ አልናገርም።

ረ. እኛ ምን እናድርግ?

1. በቃኝ ማለትን እንልመድ። ጾም ይህን ያስተምረናል። በጾም ቀን ምግብ ቤት ውስጥ እያለ እንታገሣለን። ሆዱን «ጠብቅ» ማለት የለመደ ልጅ ሲያድግ እጁንም «ይበቃሃል» ማለት ይችላል።

2. የተረፈውን አንጣል። ጌታችን በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ የተረፈውን ቁርስራሽ እንዲሰበስቡ አዟል፤ አሥራ ሁለት መሶብም ሞላ (የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6)። ከጥቂት ብዙ ማድረግ የሚችል አምላክ የተረፈው እንዲጣል አልፈቀደም። እኛም ቧንቧ ከፍተን አንተው፤ ወረቀት በአንድ ገጽ ብቻ ጽፈን አንቅደድ፤ እንጀራ አንድፋ።

3. ማገዶ እንቆጥብ። ድስት ስትጥዱ ክደኑት፤ ቶሎ ይበስላል። እሳቱ ሥራውን ሲጨርስ አጥፉት። በቤታችሁ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ካለ መጠቀምን አትተዉ።

4. የተከልነውን እንከባከብ። ችግኝ ተክሎ ፎቶግራፍ መነሣት ቀላል ነው፤ በበጋ ውኃ ማጠጣት ግን ትጋት ይጠይቃል። አንድ ተክላችሁ አንዱን ብታሳድጉ፣ አሥር ተክላችሁ አሥሩም ከሚደርቁባችሁ ይሻላል።

5. የቤተ ክርስቲያናችንን ዛፎች እንጠብቅ። በብዙ የሀገራችን ገጠሮች ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ፣ የቀድሞው የሀገር በቀል ደን የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። ዘር የሚለቀመው፣ ወፍ የሚጠለለው፣ ለአበባውም ንብ የሚመጣው በዚያ ነው። ከቅጥሩ ቅርንጫፍ አትስበሩ፤ ሲሰብሩ ያያችኋቸውንም በትሕትና ምከሩ።

6. ሰውን ከመውቀሳችን በፊት ችግሩን እንጠይቅ። ከሰል የሚያከስል ወይም እንጨት የሚሸጥ ሰው ስታዩ እኔ በመጀመሪያ እንደ ተሳሳትሁት አትሳሳቱ። ሌላ መተዳደሪያ እንዲያገኝ መርዳት ዛፉንም ሰውየውንም ማዳን ነው።

ማጠቃለያ

ልጆች፣ ምድር የእግዚአብሔር ናት፤ እኛ በአደራ የተቀበልናት ነን። አደራ የተቀበለ ሰው ከአደራው ፍሬ ይጠቀማል፤ አደራውን ግን አያጠፋም። ከእኛ በኋላም የሚማሩ ልጆች ይመጣሉ። እነርሱም የሚጠጡት ውኃ፣ ቤታቸውንም የሚከድኑበት ሣር ያስፈልጋቸዋል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. እግዚአብሔር ለአዳም በገነት የሰጣቸው ሁለት ሥራዎች ምንና ምን ናቸው?
2. ለማግስቱ የተቀመጠው መና በሌላ ቀን ሲበላሽ ለሰንበት የተቀመጠው ለምን አልተበላሸም?
3. የመንዝ ሰዎች ጓሳን ዘግተው የሚቆዩት ለምንድን ነው?
4. የሐረማያን ሐይቅ ያደረቁት ነገሮች ምን ምን ናቸው? ቢያንስ ሁለቱን ጻፉ።
5. ትክክል ከሆነ «እውነት»፣ ስሕተት ከሆነ «ሐሰት» በሉ፦ «ፍጥረትን መጠበቅ ማለት ከፍጥረት ምንም አለመውሰድ ነው።» ምክንያታችሁንም አስረዱ።

የቤት ሥራ

አያታችሁን ወይም በሰፈራችሁ ያሉ አንድ ሽማግሌ ቀርባችሁ፣ «በልጅነትዎ በዚህ አካባቢ የነበረ፣ ዛሬ ግን የሌለ ዛፍ ወይም ምንጭ ምን ነበር? ለምን ጠፋ?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን በደብተራችሁ ጽፋችሁ በሚቀጥለው እሑድ ይዛችሁ ኑ።

አምላካችን ማበጀትንም መጠበቅንም ያስተምረን። ለሚቀጥለው ትምህርት በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።